ዘይት የሚበላው ዳማ

«ከቤንዚኑ ይልቅ ዘይቱ በልጧል፣ አታ። ይኼን መንደሩ በሙሉ ያውቃል፤ ያላወቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ባለቤቴ አናርኩል ይህን ስትል እኔ ፎጣ ትከሻዬ ላይ ጥዬ ፊቴን ልታጠብ እየወጣሁ ነበር። ጠቡ የተጀመረው እኔ ሳልነቃ ነው፤ ከሁለቱም ድምፅ እንደሚያስታውቀው ግን ግማሹን አልፏል። በኪርጊዝኛ «አታ» የምትላቸው አባቷ ኢሸንባይ የመኪናቸውን ኮፈን ከፍተው፣ ጀሪካኑን ክንዳቸው ላይ አስደግፈው፣ ሕፃን እንደሚያጠባ ሰው በጥንቃቄ የሞተር ዘይት ይቀዳሉ። ጀርባቸውን ለልጃቸው ሰጥተዋል።

«ያረጀ ፈረስም ብዙ ይበላል» አሉ ቀና ሳይሉ።

«ያረጀ ፈረስማ ክረምት ሲገባ ይታረዳል። እርስዎ ራስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሩኝ?»

አባቷ የጀሪካኑን ክዳን አጥብቀው ዘጉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ሙሽራው፣ አንተ ደግሞ ምን ልትል ነው?»

«እኔ ምንም አላልኩም፣ አታ።»

«ልትል ነበር። ሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ሰው ስለ ዘይት ምን ያውቃል?»

እኔ በዋና ከተማችን በቢሽኬክ ውስጥ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ሾፌር ነኝ፤ ከላይ ከተዘረጋው ሽቦ ኃይል እየሳበ የሚሄደውን። ከአናርኩል ጋር ከተጋባን ወዲህ ልጆቻችን አድገው ትምህርት ቤት ገብተዋል። አማቴ ግን እስከ ዛሬ «ሙሽራው» ነው የሚሉኝ፤ ሥራዬንም እንደ ሥራ አይቆጥሩትም። አልቀየማቸውም። በእኛ ዘንድ ሰው በአማቱ ግቢ ሲሆን ጆሮው እንጂ አፉ አይረዝምም።

የመጣነው ድንች ለመልቀም ነው። የዚህ የናሪን ተራራ ድንች በመከር ካልተሰበሰበ ውርጭ ይቀድመዋል፤ አማቴ ደግሞ ብቻቸውን ናቸው። አናርኩል ግን ከድንቹ ሌላ ሐሳብ ይዛ ነበር የመጣችው። ቢሽኬክ ካለው ቤታችን የኋለኛውን ክፍል ቀለም አስቀብታ፣ አልጋ አስገብታ፣ መስኮቱ ላይ መጋረጃ ሰቅላለች። ኤልዲያር ለሚባል ሰውም ስልክ ደውላለች። ይህ ሰው ያረጁ የጃፓን መኪናዎችን እየገዛ፣ የአንዱን ሞተር ከሌላው እያዋሰ፣ ለወጣቶች የእሽቅድምድም መኪና የሚሠራ ነው። በማግሥቱ ሊመጣ ተቀጣጥረዋል። መኪናው ይሸጣል፤ አባቷም ከእኛ ጋር ይሄዳሉ። እሷ ያሰበችው ይህንን ነው።

መኪናው መሪው በቀኝ በኩል የሆነ፣ ለሞተሩ አየር አምቆ የሚሰጥ ቱርቦ ያለው፣ ኮፈኑ ላይ እንደ ፈረስ አፍንጫ የተከፈተ አየር ማስገቢያ የተሠራለት ነው። በወጣትነቱ ለፍጥነት የተፈጠረ ነበር። ኪሎሜትር ቆጣሪው ሦስት መቶ ሺን ካለፈ ቆይቷል፤ ወንበሩ ተልጧል፤ የግራው በር የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ነው። አማቴ በመጀመሪያው ቀን ቀለሙን አይተው «ዳማው» አሉት፤ ዳማው ሆኖ ቀረ።

እሳቸው የእንስሳት ሐኪም ናቸው። ይሠሩበት የነበረው የኅብረት እርሻ ከፈረሰም በኋላ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ፣ ከተራራው የግጦሽ ሰፈር ባዝራ ምጥ ጠናባት፣ በግ ሆዱ ተነፋ በተባለ ቁጥር የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ጉልበታቸው ኮርቻ ከከለከላቸው ብዙ ክረምት አልፏል። ዳማው ከሌለ መድረስ አይችሉም፤ ካልደረሱ ደግሞ የሚጠራቸው አይኖርም። ሌላ ሰው ይህን ነገር ስለ መኪና የተነሣ ጠብ ብሎ ሊያልፈው ይችል ይሆናል። እኛ ሦስታችንም ስለ መኪና እንዳልሆነ እናውቅ ነበር።

አናርኩልም ቢሆን ከሜዳ ተነሥታ አልነበረም የምትናገረው። እናቷ ካረፉበት መከር ወዲህ ዳማው ዘይት መብላት ጀመረ። በመጀመሪያ ትንሽ ነበር፤ ቀጥሎ በየሳምንቱ ሆነ፤ ኋላ አማቴ ጀሪካን ሳይዙ ከግቢ የማይወጡ ሆኑ። ባለፈው ክረምት ዶሎን በሚባለው የተራራ ማለፊያ ላይ ሰማያዊ ጭስ ከኋላው ተነሥቶ መንገዱን አለበሰው። ሞተሩ ይጣበቅብኛል ብለው አጠፉት፤ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር እስኪያነሣቸው ድረስም በዚያ ብርድ ተቀምጠው ቆዩ። ይህን ለእኛ የነገሩን እሳቸው አይደሉም፤ ሾፌሩ ነው። አናርኩል ከዚያ ቀን ጀምሮ በረዶ በጣለ ቁጥር ስልኳን ከእጇ አትለይም።

አማቴ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ጨርሰው ልጃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አዩዋት።

«እኔ ስንቱን ፈረስ አበቃለት ብዬ ለባለቤቱ ነግሬያለሁ። አንዳንዱ አልቅሷል፤ አንዳንዱ ሰድቦኛል። እውነቱን ግን ደብቄ አላውቅም። ዛሬ ናሪን ከተማ ወርደን ለኢስማር እናሳየው። አበቃለት ካለ ቁልፉን በእጄ ሰጥቼሽ አብሬሽ እሄዳለሁ። አላበቃለትም ካለ ደግሞ ይቺን ወሬ ሁለተኛ እንዳልሰማት።»

አናርኩል እሺ አለች። አባቷ ቃል ከሰጡ እንደማያጥፉ ስለምታውቅ፣ እሺ ስትል ድምጿ ቀጠነ።

መካኒኩ ኢስማር ከቻይና በኩል የመጡት የዱንጋን ሕዝብ ተወላጅ ነው። ጋራዡ ወንዙ ዳር ነው፤ በሩ ላይ የተሰቀለ ጎማ አለ። ስንደርስ አማቴ ሞተሩን ወዲያው አላጠፉትም። ቱርቦ ያለው መኪና ሮጦ ሲመጣ ነዳጅ ሳይረገጥ በሚኒሞ ትንሽ እንዲቆይ ይደረጋል፤ ካልሆነ ዘይቱ ቱርቦው ውስጥ ያርርና እንደ ከሰል ይጠቁራል። ብዙ ሰው ይህን የሚማረው ቱርቦ ካቃጠለ በኋላ ነው። አማቴን ግን ማንም አላስተማራቸውም። ያላበው ፈረስ ወዲያው አይታሰርም፤ ቀስ እያለ ይንሸራሸራል። ለሳቸው ነገሩ ያው ነው።

ኢስማር ከመኪና ሥር እየወጣ፣ «ዶክተር፣ በሽተኛዎን አመጡ?» አላቸው።

«በሽተኛው እኔ ነኝ ይላሉ። መጀመሪያ እሱን እየው።»

ኢስማር ቀስ ብሎ የሚሠራ ሰው ነው። የየፒስተኑን ግፊት ለካ፤ ሦስቱ ደኅና ናቸው፣ አንዱ ትንሽ ደክሟል፣ ለዕድሜው ግን አይከፋም አለ። የቱርቦውን እንዝርት በጣቱ ይዞ ነቀነቀው፤ ይህም የሚያሰጋ አይደለም አለ። ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የአየር ቱቦ ሲፈታው ግን ዘይት ጠብ ጠብ አለ። ጣቱን ነክሮ አወጣና ለአናርኩል አሳያት፤ እሷም አንገቷን ነቀነቀች። ቀጥሎ አሮጌውን ዘይት ሊያፈስ ከሥር ሳፋ አስቀምጦ ቡሎኑን ፈታው። ዘይቱ ወርዶ ወርዶ አላልቅ አለ። ኢስማር ሳፋውን እያየ፣ ይበላል የተባለ መኪና ይህን ሁሉ ከየት አመጣው ብሎ ጠየቀ። አናርኩል አባቷ ዛሬ ጠዋት እንደጨመሩበት ነገረችው። እሱም እንግዲያው ከዚያ ነው አለና ተወው።

አዲሱን ዘይት ለክቶ እስከ ላይኛው ምልክት ሞላው። የመለኪያውን ዘንግ ስቦ ለሦስታችንም አሳየን፤ ከመስመሩ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የተናገረው እንደ ዳኛ ነበር። ዛሬ ፍርድ አልሰጥም አለ። እንደ ልባችሁ ንዱት፤ ዳገትም ቁልቁለትም ይቅመስ፤ ጠብታ ግን እንዳትጨምሩ። ነገ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ ዘንጉን እዩት። ጥቂት ከወረደ የእርጅና ነው፤ እንዲህ ዓይነት ሞተር በወጣትነቱም ቢሆን መቅመሱ አይቀርም። ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ ግን ዘይቱን የሚያግደው የፒስተኑ ፋሻ አልቋል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ወይ ሞተሩ ይከፈታል፣ ወይ መኪናው ይሸጣል።

«ለመክፈት አቅም የለንም» አለች አናርኩል።

«እንግዲያው ሁለተኛውን ነው» አለ ኢስማር። አማቴን ሳያይ ነው ያለው።

ከሰዓት በኋላ አማቴ እኔን ይዘው ወደ ላይኛው ግጦሽ ወጡ። አንድ እረኛ የላሙ እግር አብጦበት ነበር። ዳገቱን ስንወጣ ቱርቦው አፏጨ፤ ዳማው ዕድሜውን ረስቶ ጎተተ። ስንመለስ ቁልቁለቱን በማርሽ ይዘው ረጅም መንገድ ወረዱና ታች ሜዳው ላይ ሲደርሱ ነዳጁን ድንገት ረገጡት፤ እኔን ወደ ኋላ እይ አሉኝ። ሞተሩ ዘይት የሚበላ ከሆነ ጭሱ የሚወጣው ያኔ ነው። ጥቂት ብን ብሎ ጠፋ።

«አየህ?» አሉኝ።

«አየሁ፣ አታ።»

«ምን አየህ?»

«ብዙም አላየሁም።»

ሳቁ። ቤት እስክንደርስ ስለ ላሞች ሲያወሩልኝ ቆዩ። ግቢ ገብተው፣ እንደ ወትሮው የዳማውን አፍንጫ ወደ ቤቱ አዙረው መስኮቱ ሥር አቆሙት፤ ትንሽ አቆይተው አጠፉት። ማታ ከወትሮው የበለጠ በሉ።

ጠዋት ዘንጉን የሳበችው አናርኩል ናት። እኔ ልሳበው አለች፤ አባቷም ፈቀዱ። አወጣችው፤ ጠረገችው፤ መልሳ ከታ አወጣችው። ከታችኛው ምልክት በታች ነበር። ጫፉ ብቻ ረጥቧል፤ ማር ውስጥ ነክረው እንዳወጡት ጣት።

አማቴ ዘንጉን ከእጇ ተቀብለው ወደ ብርሃኑ አዙረው ረጅም ጊዜ አዩት። የፈረስ ጥርስ ሲያዩ እንዲህ ነው የሚያዩት። ከዚያ ወደ ቦታው መልሰው ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡና የመኪናው ጣሪያ ላይ አስቀመጡት።

«በይ እንግዲህ» አሉ። ዶማቸውን አንሥተው ወደ ድንቹ ማሳ ሄዱ።

አናርኩል ያሸነፈች ሰው አትመስልም ነበር። ቁልፉን አነሣችው፤ መልሳ አስቀመጠችው፤ እንደገና አነሣችው። በመጨረሻ ይህ መኪና እንዲህ ጭቃ እንደለበሰ ለሰው አይሰጥም፣ ታች ወርደን እንጠበው አለችኝ። እኔ ነዳሁት። ከግቢው በታች፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ጅረቱ ዳር ለጥ ያለ ሣር አለ፤ መንደርተኛው ምንጣፍም መኪናም የሚያጥበው እዚያ ነው። ሞተሩን አጠፋሁት። ባልዲ ይዘን ጀመርን፤ እሷ ጣሪያውን፣ እኔ ጎማውን።

ፊቱን አጥባ ስትጨርስ ኮፈኑን ክፈትልኝ አለችኝ። ለኤልዲያር ምን ያህል እንደ ጎደለው እውነቱን ልነግረው ነው፣ ኋላ አታለለችኝ እንዳይል አለች። ይህንንም ከአባቷ የወረሰችው ነው። ዘንጉን ሳበች። አየችው። በቀሚሷ ጠረገችው፤ መልሳ ከታ ሳበችው።

«ሜደር፣ ና እስኪ» አለችኝ።

ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ላይ ነበር። ኢስማር ትናንት ካሳየን መስመር ፀጉር ያህል ወርዶ እንደሆነ ነው።

እኔም ሳብኩት። ያው ነው። ማንም አልጨመረም፤ ጀሪካኑ ከላይ ግቢ ውስጥ ነው ያለው። ሁለታችንም እኩል ቀና ብለን ወደ ቤቱ አየን።

ያ ቤት አማቴ በወጣትነታቸው በገዛ እጃቸው የሠሩት ነው። መሬቱ የተገኘው ተራራው ጥግ ላይ ስለሆነ ግቢው ከላይ እስከ ታች ዘቅዝቋል። ከጅረቱ ዳር ሆኖ ላየው ሰው ይህ ግልጽ ነው፤ ቤቱ ሊንሸራተት ፈልጎ ሐሳቡን የቀየረ ይመስላል። ውስጡ የሚኖር ሰው ግን አያየውም፤ ምክንያቱም አማቴ ሁሉን ነገር አስተካክለውታል። የማዕዱ ጠረጴዛ ሁለቱ እግሮች ከሌሎቹ ሁለቱ ያጥራሉ። አልጋዎቹ ሥር ጣውላ አለ። የውሻው ቤት ሳይቀር በአንድ በኩል ድንጋይ ተደግፏል። አናርኩል ልጅ ሳለች ኳሷ ለምን ሁልጊዜ ወደ በሩ እንደሚሄድ ጠይቃ አታውቅም ነበር፤ ኳስ ማለት ወደ በሩ የሚሄድ ነገር ነው ብላ ነው ያደገችው። በዚያ ግቢ ውስጥ ያልተደገፈ ነገር አንድ ዳማው ብቻ ነው። አፍንጫውን ሽቅብ አድርጎ ሲያድር ዘይቱ ወደ ኋላ ይሸሻል። የመለኪያው ዘንግ ደግሞ ከፊት ነው።

አናርኩል ሣሩ ላይ ተቀመጠች። እጇ ውስጥ ያለውን እርጥብ ጨርቅ ጨመቀችው፤ ውኃው እግሯ ላይ ፈሰሰ።

«አንተ ባታይ ኖሮ ጥሩ ነበር» አለችኝ።

«እኔ አላየሁም» አልኳት።

ይህን ስላት ለሷ ሸክም ያቀለልኩ መስሎኝ ነበር። ቁልፉ በእጇ ነው፤ አባቷ ቃላቸውን ሰጥተዋል፤ ኤልዲያር መንገድ ላይ ነው፤ ክፍሉ ተዘጋጅቷል። ምንም መናገር አይጠበቅባትም፤ ዝም ማለት ብቻ ይበቃል። ዝም ካለች በረዶ ሲጥል ስልክ ይዛ ማደሯ ይቀራል። ይህ ሁሉ ፊቷ ላይ ሲመላለስ አየሁ፤ ነገሩ ግን የሷና የአባቷ ጉዳይ ነው።

ተነሥታ ማጠቧን ቀጠለች። ያልታጠበውን ሁሉ አጠበች፤ የመብራቱን ጥግ፣ የበሩን ሥር፣ የታርጋውን ፊደል አንድ በአንድ። ሌላ የሚታጠብ ሲጠፋ ባልዲውን ደፋችና ሽቅብ ወደ ማሳው ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት።

አማቴ ተንበርክከው ድንች እየለቀሙ ነበር።

«አታ» አለች፣ «ግቢያችን ተዳፋት ነው።»

«ድሮም ተዳፋት ነው» አሉ።

«ዳማው የሚያድረው ግቢው ውስጥ ነው።»

«እና የት ይደር?» አሉና እጃቸው ድንቹ ላይ ቆመ። ቀስ ብለው ቀና አሉ። መጀመሪያ ቤቱን አዩ፤ ቀጥሎ ታች ጅረቱ ዳር የቆመውን መኪና። ዶማውን ተመርኩዘው ተነሡና ቁልቁል ወረዱ።

ሰው የነገራቸውን ብቻ ሰምተው የሚያምኑ አይደሉም። ጅረቱ ዳር ዘንጉን ራሳቸው ሳቡት፤ ሙሉ ነው። ወደ ግቢ እንድነዳው አዘዙኝና መስኮቱ ሥር አቆምኩት። ዘይቱ ከሞተሩ ሥር ወዳለው ማጠራቀሚያ፣ ወደ ኮፓው እስኪወርድ ቆመን ጠበቅን። ሳቡት፤ ባዶ ሊባል የደረሰ ነው። አዙረህ አፍንጫውን ወደ ግቢው በር አድርገው አሉኝ፤ እንደገና ጠበቅን። አሁን ከላይኛው ምልክት አልፎ ዘንጉ ላይ ወጥቷል። አማቴ ዘንጉን እንደያዙ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያመማቸው መስሎኝ ተጠጋሁ፤ እየሳቁ ነው፤ ድምፅ አይወጣቸውም።

«አበልቼ ልገድለው ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ስንት ሰው በግ በገብስ ገድሎ መጥቶ ታመመብኝ ሲለኝ ደደብ ብዬ ሰድቤያለሁ።»

ሳቃቸው ሲያቆም ግን ወዲያው ወደ ቤት አልገቡም። ድሮ ዳማው ግቢ ገብቶ አያድርም ነበር አሉን። እናትሽ የቤንዚን ሽታ መስኮቴ ሥር አልፈልግም ብላ ታች መንገዱ ዳር ነበር የማቆመው፤ ጠዋት ዘይቱን የማየውም እዚያ ነው። እሷ ካረፈች በኋላ ወደ ውስጥ አስገባሁት። ለምን አስገቡት ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። አናርኩል መኪናው መታመም የጀመረው መቼ እንደሆነ ስታውቅ ኖራለች፤ ለምን እንደሆነ የሰማችው ግን ያን ጊዜ ነው። ፊቷን ወደ ተራራው አዞረች።

ለኢስማር ደወሉለት። ድምፁ ከስልኩ ውስጥ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር፤ ሳፋው ለምን እንደዚያ እንደሞላ አሁን ገባኝ ይላል። ከመጠን በላይ የሞላ ዘይት በሞተሩ ተንጦ፣ በመተንፈሻው ሲሾልክ ቱርቦው ይስበዋል፤ ቱቦውን ያረጠበው፣ ዶሎን ላይ የጨሰውም እሱ ነው። ሙሉ በሙሉ ጤነኛ ነው እንዳትሉ ግን፣ ያረጀ ነው፣ አሁንም ትንሽ ይቀምሳል፤ ጅረቱ ዳር እያያችሁ የጎደለውን ብቻ ሙሉ አለ። መኪናው የት እንደሚያድር ሳይጠይቅ የፈረደው እሱ መሆኑን እያነሣም ራሱን ወቀሰ። አማቴ ተው፣ ግቢዬን የት ታውቀዋለህ አሉት።

ሻይ አፈላን። አናርኩል ለአባቷ በደንቡ ከሲኒው ሲሶውን ቀድታ ሰጠቻቸው። ሲኒውን ከፍ አድርገው አዩት።

«ለእንግዳ ሻይ ሞልተን ከቀዳን ጠጥተህ ውጣልን ማለታችን ነው። እኔ ለዚያ ምስኪን በየጠዋቱ እስከ አፉ እየሞላሁ፣ ዘይቱ ለምን አይቀመጥም እላለሁ።»

ሁላችንም ሳቅን፤ አናርኩል ግን ቶሎ አቆመች።

«ክፍሉስ?» አለች።

አማቴ ዳቦውን ቆርሰው በቅቤ አሹት።

«መጋረጃውን አታውርጂው» አሉ። «ጉልበቴ ነዳጅ መርገጥ ያቃተው ቀን እኔው እነግርሻለሁ። ዘንጉን እንዳላየሽ ሆነሽ ማለፍ ትችዪ ነበር። እኔም ያን ቀን እንዳላየሁ አልሆንም።»

ይህ ጭንቀቷን አላጠፋላትም፤ ፊቷ ላይ ያስታውቃል። ነገር ግን ሲኒያቸውን ተቀብላ እንደገና ሲሶ ቀዳችላቸው።

ለኤልዲያር አትምጣ ልትለው ደጋግማ ደውላ ነበር፤ ማለፊያው ላይ ስለሆነ ስልኩ አልሠራም። እኩለ ቀን ላይ ከተፍ አለ። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ጥፍሩ ሥር የሞተር ጥላሸት ያለበት ሰው ነው። ዶሎንን አቋርጦ የመጣን ሰው ደግሞ ሐሳባችንን ቀይረናል ብሎ ከደጅ መመለስ አይቻልም። የበግ ሥጋ ከድንች ጋር ተጠበሰ፤ የማዕዱ ጨርቅ ተዘረጋ፤ የላይኛው የክብር ቦታ ተሰጠው።

መኪናው እንደማይሸጥ የነገረችው ሁለተኛውን ሳህን እያቀረበች ነው። እሱ ግን ይህን የዋጋ ማስወደጃ አድርጎ ወሰደው። በደስታ ክርክሩን ጀመረ። እንዲህ ዓይነት ሞተር ሦስት መቶ ሺን ካለፈ በኋላ ተስፋ እንደሌለው፣ ዛሬ ቢጨስ ነገ እንደሚጣበቅ፣ እኔ ስለ ቱርቦውና ስለ ማርሹ ብቻ ነው የመጣሁት እያለ ዘረዘረ። አናርኩል በዚያ ሳምንት ለአባቷ ስትናገረው የነበረውን ቃል በቃል ከሱ አፍ እየሰማች፣ አንድ በአንድ ታፈርስለት ጀመር።

«እኅቴ፣ ሞቷል ብለሽ የደወልሽልኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ።»

«ታዲያ በሁለት ቀን ከሞት ተነሣ?»

«ፋሻው ደኅና ነው። ግፊቱ ተለክቷል። አንዱ ትንሽ ደክሟል፤ ለዕድሜው አይከፋም።»

«ይኼን ማን አስተማረሽ?»

«ብላ፣ ይቀዘቅዝብሃል።»

ኤልዲያር ወደ እኔ ዞሮ አንተስ ምን ትላለህ አለኝ። እኔ የምነዳው በሽቦ ነው፣ ስለ ዘይት አላውቅም አልኩት። ሳቀና እንደገና ወደ አናርኩል ተመለሰ፤ እሺ ቱርቦውን ብቻ ሽጪልኝ አላት።

ይህን ሲጨቃጨቁ የአማቴ ስልክ ጮኸ። ጥቂት አዳመጡ። ባዝራዋን እንዳታስተኟት፣ እያንሸራሸራችሁ ጠብቁኝ አሉና ስልኩን ዘጉ። እጃቸውን ታጠቡ፤ ከምሰሶው ላይ የመድኃኒት ቦርሳቸውን አወረዱ፤ ኮታቸውን ለብሰው ወጡ።

«ቱርቦው የሌለው ዳማ ምን ሊሆን ነው?» ትላለች አናርኩል። «አፍንጫ የሌለው ፈረስ?»

«ሌላ እገጥምላችኋለሁ፣ ያነሰ። ሽማግሌ ሰው ፍጥነት ምን ያደርግለታል?»

ከውጭ ሞተር ተነሣ፤ በሚኒሞ ትንሽ ቆየና የግቢው በር ሲጢጥ አለ። አናርኩል ሳህኑን ወደ ኤልዲያር ገፋ አደረገችለት፤ ዶሎን ላይ በረዶ ጀምሮ እንደሆነም ጠየቀችው። ጀምሯል፣ ግን ገና መሬት አልያዘም አላት፤ እጁን ወደ ዳቦው እየሰደደ።